በሁዳዴ ቅንጬ በቅቤ

ናይሮቢ፣ የካቲት 24 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእትዬ አስካለ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነውን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ። በርበሬውና ሽሮው በባንታየሁ እጅ ደርሶኛል። የአውሮፕላን መካኒክ የሚያህል ሰው የእኔን ሽሮ ሲሸከም ማየት ያሳፍረኛል። እሱ ግን «አንቺ ምሳ እስካበላሽኝ ድረስ ምን ቸገረኝ» ይላል። ይህንንም ደብዳቤ የሚያደርስልሽ እሱ ነው።

በስልክ ስትጠይቂኝ «እጽፍልሻለሁ» ብዬ የዘጋሁት ንቄሽ አይደለም። ስልክሽ ሳሎን መሃል ነው የተቀመጠው። አንቺ «ሃሎ» ስትዪ ተከራዮችሽ ሁሉ ሥራ ይፈታሉ።

ልጅሽ አቤል ላግባት ስላለሽ ልጅ የጠየቅሽኝን ልመልስ። ስሟ ምርቃት ነው። የደብረ ዘይቱ የመምሬ ሐብተማርያም ልጅ መሆኗ እውነት ነው። ኢምባካሲ፣ አቤል ኃላፊ በሆነበት የጭነት መጋዘን መዝገብ ቤት ትሠራለች፤ ሥራውንም ያስገባት እሱ ነው። ሳውዝ ሲ በሚባል ሠፈር ከሁለት ሴቶች ጋር ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። አሁንስ የት ነው የምትኖረው ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።

ጾም ትጾማለች ወይ ላልሽው፣ ከእኔም ካንቺም ትበልጣለች። የቄስ ልጅ ናት፤ በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ እንኳ አትቀምስም። ማን ምን እንዳለሽ አላውቅም፤ ሌላ ነገር ብሎሽ ከሆነ ግን ዋሽቶሻል።

አቤል ደህና ነው። ቅዳሜ ዕለት አይቼዋለሁ። ስለ እሱ ለዛሬ ይህ ይበቃል።

አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ሽማግሌ መላኩን አቆዪው። ምክንያቱን ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።

ታናሽሽ አያልነሽ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለአያልነሽ፣

አያሌ ብዬ እንዳልጽፍልሽ ሆዴ ከፍቷል። ደህና መሆንሽን ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ቀድጄዋለሁ ያልሽውን ነገር ልጄ በስልክ ነገረኝ። እያለቀሰ፣ አያልነሽ! ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ አስለቀስሽብኝ። ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ፣ ሀበሻው ሁሉ ምግብ ቤትሽ በተቀመጠበት፣ «መኪናህ መንገድ ዘግቷል» ብለሽ አታልለሽ አስወጥተሽው፣ ልጅቱን በጓሮ በር አሽሽተሻታል። ከዚያም «ሁለተኛ ቤቴ እንዳትደርስ» ብለሽዋል። ለጠላት ልጅ እንኳ የማይደረግ ነገር፣ አንቺ እቅፍሽ ውስጥ ባደገው ልጅ!

ልጅቱም በሁዳዴ ቅቤ አዝዛለች ይላል። ሰው ሁሉ ሰምቷታል። አንቺ ደግሞ ውሃ አትቀምስም ብለሽ ትጽፊልኛለሽ። ማንን ልመን?

ከስድስት ዓመትሽ ጀምሮ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ። ውለታ ቆጥሬብሽ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ቆጠርኩ። ነገሩን አታራግቢው፣ ልጄን ይቅርታ ጠይቂው፤ ዝም አይነቅዝም። ልጅቱንም የደበቅሽበትን ንገሪው። ሽማግሌዎቹን መርጬ ጨርሻለሁ። መምሬ ሐብተማርያም ሚያዝያ ሃያ አራት፣ እሑድ ብለው ቀጠሮ ሰጥተውናል። ለአንቺ ብዬ የማቆየው ነገር የለም።

መልስሽን ቶሎ ላኪ።

አስካለ


ናይሮቢ፣ መጋቢት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

እትዬ አስካለ፣

ተቆጪኝ፤ መብትሽ ነው። ስትጨርሺ ግን ይህንን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

አቤል የነገረሽ ሁሉ እውነት ነው። ቅቤውም ጭምር። ያልነገረሽን ነው እኔ የምጽፍልሽ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ልጅ ከአንድ ሰው ጋር ቤቴ መጥታ ቢራ ጠጥተው ሄዱ። በሳምንቱ ብቻዋን መጣች። የፊት ጥርሷ የለም። «ያን ቀን ስመለከትሽ ነበር» አለችኝ፤ «ዓይንሽን ስፈልግ ነበር። አንቺ ብርጭቆ ታደርቂ ነበር።» ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረችም፤ ሻይዋን ጠጥታ ሄደች። እኔ ግን ብርጭቆ በያዝኩ ቁጥር ትታየኝ ጀመር።

ሠርክ የምትባል አስተናጋጅ አለችኝ፤ ሳውዝ ሲ ያደገች የእኛው ልጅ። ከእሷ ጋር መከርን። ሴቶች መጸዳጃ ቤት፣ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በአማርኛም በስዋሂሊም ጽፈን ወረቀት ለጠፍን፤ «አብሮሽ ያለው ሰው ካስፈራሽ ለአስተናጋጇ ቅንጬ አምጪልኝ በያት። ለምን ብሎ የሚጠይቅሽ የለም።» ቅንጬ ቁርስ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ማን ያዛል? ወንዱ ምግብ የታዘዘ ይመስለዋል። እኛ መኪናህን አንሳ ወይም ስልክ ተደውሎልሃል ብለን እናስነሳዋለን። ሴትዮዋ በኩሽና በኩል ትወጣለች፤ እዚያ ባለታክሲው ኑሬ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃታል።

ብልህ የሆንን መስሎን ነበር። ታዲያ የነቢያት ጾም ገባና ጉድ ሆንን። ጎማ ነጋዴው ካሣሁን እርጉዝ ሚስቱን ይዞ መጣ። ጾማ ውላለች፤ ሆዷ የሚቀበለው ቅንጬ ብቻ ነው፤ አዘዘች። ሠርክ ካሣሁንን መኪናህን አንሳ አለችው። አንስቶ ሲመለስ ሚስቱ የለችም። ኑሬ «አይዞሽ፣ አትፍሪ» እያለ ኪሊማኒ የሚባለውን ሠፈር ያዞራታል፤ እሷ «ቅንጬዬስ?» ትለዋለች። ሃበሻ ሆነን፣ ሰው ጾሙን በቅንጬ እንደሚፈታ ረስተን! ካሣሁንን ይቅርታ ጠየቅሁት። ሳቀ፤ እስከ ዛሬም ሲመጣ «ሚስቴን ቁጠሩልኝ» ይለናል።

ከዚያ ወዲያ ነው «በቅቤ» የሚለውን የጨመርነው። በጾም ኩሽናዬ ቅቤ የሚባል ነገር አይገባም። በፍስኩም ከሰዓት በኋላ ቅንጬ በቅቤ የሚል የለም። ስለዚህ እትዬ፣ የቄስ ልጅ በሁዳዴ፣ ሰው እየሰማ ቅንጬ በቅቤ ስትል አምሯት ይመስልሻል? ስሟ እንደሚጠፋ እያወቀች ነው ያለችው። ከስሟ የበለጠ ያስፈራት ነገር ነበር።

ያን ቅዳሜ ሠርክ ወደ ባንኮኒው መጣችና «አንቲ፣ ቴብል ሲክስ ቅንጬ በቅቤ ብላለች» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ኢትስ አቤል» አለች። «ሳሳ፣ አሁን ምን እናድርግ?»

አልዋሽሽም፤ ቆምኩ። ልጃችን እኮ ነው፣ ተኮራርፈው ይሆናል፣ ልጅቷም አብዝታው ይሆናል አልኩ። እጄ የደረቀውን ብርጭቆ እንደገና ያደርቃል። ሳየው በራሴ አፈርኩ። አሁን ስጽፍልሽም አፍራለሁ፤ ለማላውቃቸው ወንዶች ሁሉ ያላመነታሁት ሴትዮ ለእኛ ልጅ ሲሆን አመነታሁ።

ከዚያ እኔው ራሴ ሄድኩ። «አቤል፣ ና መኪናህን አንሳ» አልኩት። «አክስቴ፣ መኪናዬ ምንም አልዘጋም» ብሎ ሳቀ። «ና አልኩህ» አልኩት። መጣ። ደህና አድርገሽ ነው ያሳደግሽው፤ ታላቅ ሲጠራው ይመጣል። ወጥተን ፒክአፑ ዘንድ ስንደርስ ከኋላ የምርቃት ሻንጣ ተጭኖ አየሁ። «ሁለተኛ ቤቴ እንዳትደርስ» ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

ይቅርታ አልጠይቀውም። ካሣሁንን የጠየቅሁት ስለተሳሳትኩ ነው። በዚህኛው አልተሳሳትኩም።

አያልነሽ


ናይሮቢ፣ መጋቢት 30 ቀን 1996 ዓ.ም.

እትዬ አስካለ፣

በሰሙነ ሕማማት ሰው አይሳሳምም፤ ስለዚህ ሰላምታዬን በሩቁ ተቀበይኝ። የመጋቢት ሃያ ሁለቱ ደብዳቤሽ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ሰባት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

«የሀበሻ ማኅበሩ ኮሚቴዎች ሲመጡ በር ዘግተሽባቸው እንዳታዋርጂኝ» ብለሻል። አልዘጋሁም። የሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ መልስ መጡ፤ አቶ ይድነቃቸው የመለዋወጫ ነጋዴው፣ ከሁለት ሌሎች ጋር። የዘንባባውን ቀለበት በጣታቸው እንዳሰሩ ነበሩ። አክብሬ አስቀመጥኳቸው፣ ሻይ ቀዳሁላቸው። አቶ ይድነቃቸው ጉሮሮውን ጠርጎ ሦስት ነገር አለኝ፤ አቤልን ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ልጅቱ ያለችበትን እንድናገር፣ ወረቀቱንም እንዳነሳ። «የሀበሻን ገመና በመጸዳጃ ቤት በር ላይ ለጥፈሽ ለኬንያዊ ታስነብቢያለሽ» አለኝ።

«ገመናውን የሠራው ማነው? የለጠፈው ነው ወይስ ያስለጠፈው?» አልኩት።

«ወይዘሮ አያልነሽ፣ አነጋገርሽን አሳምሪ እንጂ።»

«አቶ ይድነቃቸው፣ እርስዎ ሚስት አለዎት። ወረቀቱን አይተውት አያውቁም፤ እሷ ግን ሳታየው አትቀርም። ይጠይቋት እስቲ፣ ይነሳ ወይስ ይቆይ?»

ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከሦስቱ የአንዱ ሚስት ቅንጬ አዝዛ ታውቃለች። የትኛው እንደሆነ ለአንቺም አልጽፈውም፣ በመቃብሬም አልናገረው። እሷ ከነገ ወዲያ ብትመጣ ደግሞ ኑሬ ታክሲውን አስነስቶ ይጠብቃታል።

ወረቀቱን አነሳሁት። ፈርቼ እንዳይመስልሽ፤ አቤል ነገሩን አውቆት ለወንዱ ሁሉ ስላዳረሰው ነው። አሁን ዱርዬው ሁሉ እየመጣ «ቅንጬ በቅቤ!» እያለ ይስቅብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። አዲስ ወረቀት ለጥፈናል፤ ከፊተኛው ይተልቃል፣ ሠርክ በቀይ ነው የጻፈችው። ምን ይላል ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ይህ ደብዳቤ በሰው እጅ ነው የሚያልፈው።

ልጅቱ የት እንዳለችም አልነግርሽም። አንቺን ስለማላምን አይደለም። አንቺ እናት ነሽ፤ እያለቀሰ ከጠየቀሽ ትነግሪዋለሽ።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ መጨረሻ ልምጣ። ከፊርማሽ በላይ አንድ መስመር ጽፈሽ ደጋግመሽ ሰርዘሻል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አነሳሁትና አነበብኩት። «ምን አድርጓት ነው?» ይላል። ሰርዘሽው ነበር፤ እኔ ግን እመልስልሻለሁ።

ፓስፖርቷን «የሥራ ፈቃድሽን ላሳድስልሽ» ብሎ ከኅዳር ጀምሮ ይዞባታል። በታኅሣሥ «አላገባህም» አለችው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሙቀት እጅጌው ረጅም ልብስ ነው የምትለብሰው። ክንዷን እኔው በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ቅዳሜ ከቤቷ ሻንጣዋን አውጥቶ ጭኖ፣ ከእኔ ዘንድ ምሳ በልተው ወደ እሱ ቤት ሊወስዳት ነበር። «አባትሽ እሺ ካሉ ወዲያ አንቺን የሚጠይቅሽ የለም» ብሏታል። እንግዲህ ያንቺ ሽማግሌዎች የሚሄዱት ይህን ቃል ሊያስፈጽሙለት ነው።

«ይህን ክፋት ከየት ተማርሽው?» ብለሻል፤ የቅንጬውን ማለትሽ ነው። ካንቺ ነው የተማርኩት፣ እትዬ።

አሥር ዓመቴ ነበር፤ አቤል ገና ጡት ይጠባል። ባለቤትሽ ጋሽ ቶሎሳ ፊቱን አጥቁሮ ሲገባ «አያሌ፣ ከሻምበሉ ሚስት ወንፊት ተበድረሽ ነይ» ትዪኝ ነበር። እሮጣለሁ። የሻምበሉ ሚስት ወንፊቷን ይዛ ራሷ ትመጣለች፤ «አስካለ፣ እስቲ አብረን እንንፋ» ብላ ቁጭ ትላለች። ጋሽ ቶሎሳ በሻምበሉ ሚስት ፊት እጁን አያነሳም። እሷም እስኪበርድለት አትነሳም። ያኔ ምንም አይገባኝም ነበር። የገባኝ አድጌ፣ ከቤታችን ግድግዳ ላይ ሁለት ወንፊት ተሰቅሎ እንደነበር ያስታወስኩ ቀን ነው።

እሱ ሞቷል፤ ነፍሱን ይማረው። ስሙን ላነሳ አልፈለግሁም፤ አንቺ ነሽ ያስነሳሽኝ። አንቺን የሻምበሉ ሚስት ባትሰማሽ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? እኔ ለምርቃት ከዚያ የበለጠ አላደረግሁም።

አያልነሽ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለአያልነሽ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ።

ደብዳቤሽ በዋዜማው ደረሰኝ። በዓሉን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔና ፈጣሪዬ እናውቃለን። የሞተ ሰው አጥንት የሚቆጥር ዘመድ አለኝ አልልም ነበር። ያ ሰው ልጆቼን ያበላ፣ አንቺንም ያስተማረ ነው። ስለ ወንፊት ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ።

ሽማግሌዎቹ ይሄዳሉ።

አስካለ


ናይሮቢ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

እትዬ፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። እዚህ ዝናቡ ጀምሮናል፤ ግቢው ሁሉ ጭቃ ነው። ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ደግሞ ዘንድሮ ቀበቶ እሰሩ ተብለው ሰዉ እንደ ሕፃን ታስሮ ይሄዳል። ይህን የምጽፍልሽ ሌላ ወሬ እንዳለን እንዳንረሳ ብዬ ነው።

ያስተማረኝ እሱ መሆኑን አልክድም። እህል ያበላ ሁሉ ግን እጁ አይጠየቅ የሚል ሕግ አላውቅም። ስለዚያ ነገር አትጻፊ ብለሻልና በዚህ ይበቃኛል።

ምርቃት ለአባቷ ደውላ ነበር። አቤል ቀድሟታል። ለመምሬ ደውሎ «አባቴ» እያለ፣ ልጅዎ ናይሮቢ ከመጠጥ ቤት ሴቶች ጋር ገጥማ ጾም ገደፈች፣ እኔ ግን ወድጃታለሁና ስሟን በጋብቻ ልሸፍንላት ብሏቸዋል። አየሽው? የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይህ ነው። መምሬም «ቅቤ አዝዘሻል ወይስ አላዘዝሽም?» ብለው ጠየቋት። መዋሸት አታውቅም፤ «አዝዣለሁ» አለች። ስልኩን ዘጉባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ ብሏታል። ሠርክ አጠገቧ ሆና «ፖሌ፣ ፖሌ፣ አይዞሽ» እያለች በልጅ ማንኪያ ታጎርሳታለች።

እንግዲህ መምሬ እሺ ካሉ ልጅቱ ሁለት ምርጫ ነው የሚቀራት። ወይ ሄዳ ታገባዋለች፤ ወይ አባቷ ቃሌን አዋረድሽው ብለው እስከ ሞት ድረስ ፊታቸውን ያዞሩባታል። ሦስተኛ መንገድ የለም። «እሺ ትበል፤ ከሰው ፊት ትታረቅ» የሚለኝ የኮሚቴ ሰው ደግሞ በየቀኑ ይደውልልኛል።

እኔ ለመምሬ በራሴ እጅ ጽፌላቸዋለሁ፤ ባንታየሁ እዚያው ደብረ ዘይት ወስዶ ይሰጣቸዋል። ከሽማግሌዎችሽ በፊት ይደርሳል። ከኋላዬ ወጋችኝ እንዳትዪ ቀድሜ ነገርኩሽ። የአቤልን ስም ጽፌያለሁ፣ የእኔንም ስም ከነአባቴ ጽፌያለሁ። ያለ ስም የሚጻፍ ደብዳቤ አልወድም።

አልለምንሽም፣ እትዬ። ልመናዬን በመጀመሪያው ደብዳቤ ጨርሻለሁ። እህቴ አይደለሽም ብትዪኝ አለቅሳለሁ፤ በማግስቱ ግን ቤቴን ከፍቼ ወረቀቱ በበሩ ላይ መኖሩን አያለሁ። ለአቤል ስል ወደኋላ ብል፣ በወረቀቱ ላይ «ሰውየው የባለቤቷ ዘመድ ካልሆነ ብቻ» የሚል ሊጨመርበት ይገባል። እንዲህ ያለ ወረቀት ከምለጥፍ ቤቱን ብዘጋው ይሻለኛል።

ጉልበትሽን በወይራ ዘይት ማሸትሽን እንዳትረሺ።

አያልነሽ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1996 ዓ.ም.

አያሌ፣

የምነግርሽ ብዙ ነውና ሰላምታውን ላሳጥረው። እሑድ ደብረ ዘይት ሄጄ ነበር።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹን ቤቴ ምሳ ጠርቼ አበላኋቸው። ሦስቱም የቶሎሳ ወዳጆች ናቸው፤ ታውቂያቸዋለሽ። ስለ አቤል ሥራ፣ ስለ መኪናው ሲያወሩ ዋሉ። ሲወጡ ትልቅየው ትከሻዬን መታ አድርጎ «አይዞሽ አስካለ፣ ቁርጥ አባቱን የመሰለ ልጅ ነው ያለሽ» አለኝ። ሊያስደስተኝ ነው። እኔ ግን «አሜን» ማለት አቃተኝ። ሰውየው ሄዶ በሩን ከዘጋሁ በኋላ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ለልጅቱ ይሁን ለራሴ አላውቅም።

ሴት ከሽማግሌ ጋር አትሄድም። እሑድ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ መኪናው ውስጥ ስገባባቸው የሚሉት ጠፋቸው። «ወይዘሮ አስካለ፣ የልጅ እናት ቤቷ ሆና ነው ምላሽ የምትጠብቀው» አለኝ አንዱ። «ደብረ ዘይት ጉዳይ አለኝ፤ በዚያው አድርሱኝ» አልኩት። አልዋሸሁም።

መምሬ ቤት ስንደርስ እኔ በረንዳው ላይ ቀረሁ። እነሱ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ትልቅየው ከአዳምና ከሔዋን ጀምሮ ዞሮ ዞሮ «ልጅዎን ለልጃችን» ሊል አፉን ሲከፍት ገባሁ።

«ይፍቱኝ አባቴ» አልኩ። «እኔ የልጁ እናት ነኝ። እነዚህ የመጡት ስጡን ሊሉ ነው። እኔ የመጣሁት አይስጡ ልል ነው።»

አንዱ ነጠላዬን ጎተተኝ። ቀማሁት። መምሬ አተኩረው አዩኝና «እውነት እናቱ ነዎት?» አሉኝ።

«ምጡን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም» አልኳቸው። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ ይህኛው ለልጅዎ አይሆናትም። ፓስፖርቷን ነጥቋታል፣ ክንዷን አጥቁሮታል። ቅቤ ማዘዟ እውነት ነው፤ የቀመሰችው ግን የለም፤ እንዲደርሱላት የተጣራችበት ቃል ነው። እርስዎ ደግሞ ስልኩን ዘጉባት።»

አፌ እንዲህ እንደሚናገር አላውቅም ነበር። መምሬ ከውዳሴ ማርያማቸው ሥር ፖስታ አወጡ፤ ያንቺ ጽሑፍ ነው፤ አልተከፈተም። «ይህ ከመጠጥ ቤት ሴት የመጣ ነው፤ አልከፈትኩትም» አሉ።

«የመጠጥ ቤቷ ሴት እህቴ ናት» አልኳቸው። «ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ይክፈቱት።»

መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡት። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ቀሩ፣ እኔም ሳልቀመጥ ቀረሁ። ከጓዳ የልጅቱ እናት ወጣች፤ ስትሰማ ኖራለች። አጠገቤ መጥታ እጄን ያዘችኝና «ልጄ የት ናት?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። «እህቴ ለእኔ አልነገረችኝም። ለእኔ ያልነገረች ለማንም አትነግርም፤ ስለዚህ ልጅሽ ደህና ናት።»

መምሬ ወረቀቱን አጥፈው ለሽማግሌዎቹ «የእናቱን ቃል ሰምታችኋል፤ ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም» አሉ። ማምሻውን ለልጃቸው እንደሚደውሉ ነግረውኛል። ካልደወሉ ጻፊልኝ፤ መንገዱን አውቄዋለሁ።

ሽማግሌዎቹ በመኪናቸው ሄዱ፤ እኔን ግን ጭነው አልወሰዱኝም። በታክሲ ተመለስኩ። ሠፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ለቡና ይጠሩኝ ከነበሩት ሁለቱ አልጠሩኝም። ይቅሩ።

ሰኞ አቤል ደወለ። ተከራዮቼ እንደ ልማዳቸው ጸጥ አሉ። ይስሙ ብዬ ድምፄን አልቀነስኩም።

«አንቺ እናቴ ነሽ?» አለኝ።

«እናትህ ስለሆንኩ ነው» አልኩት። «ያባትህን እጅ የሚይዝለት ሰው አልነበረም። ያንተን እኔ እይዘዋለሁ። የልጅቱን ፓስፖርት እስከ እሑድ ለአክስትህ አስረክብ።»

ስልኩን ዘጋው። እወደዋለሁ፣ አያሌ፤ ምን ላድርግ፣ እወደዋለሁ። ቢሆንም እሑድ እስኪያልፍ ድረስ እጠብቃለሁ። ካላመጣልሽ ጻፊልኝ። በሞያሌ በኩል በመኪና መጥቼ፣ ኢምባካሲ መጋዘኑ ድረስ ሄጄ፣ በሠራተኞቹ ፊት እቀበለዋለሁ። እናቱ ነኝ፤ በር ላይ የሚያቆመኝ የለም።

እህትሽ አስካለ